ዱባይ ላይ አስፋልት ስናቋርጥ ብንያዝ፦ 400 ድርሃም ነው ወይስ እስር?

ትዕግሥት ዘናይፍ

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ። ነገሩ የገጠማት የአክስቴ ልጅ ብትሆንም ነገ ማናችንንም ሊገጥመን ስለሚችል እዚህ ላነሳው ወደድኩ። ልጅቱ ከአገር ቤት የመጣችው በቅርቡ ነው፤ ሰው ቤት ትሠራለች። እሑድ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ፍሪጅ ሙራር እኛ ዘንድ ቡና ልትጠጣ መጣች። ናይፍ መንገድ ላይ ስትደርስ መኪኖቹ ተጨናንቀው መቆማቸውን አይታ በመሀላቸው ተሻገረች። ማዶ እንደረገጠች አንድ ሹርጣ (ፖሊስ) ጠራት፣ መታወቂያዋን ተቀብሎ ስልኩ ላይ የሆነ ነገር መዘገበና መለሰላት። ቋንቋውን ስለማትችል መታወቂያ ብቻ ያየ መስሏት ዝም ብላ መጣች። ሁለተኛውን ቡና እየቀዳን ሳለ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። አነበብንላት፤ 400 ድርሃም ሙኻለፋ (የትራፊክ ቅጣት) ይላል።

ደመወዟ 1,200 ነው። በዚህ ወር ለእናቷ የምትልከውን አስልታ ጨርሳ ነበር። ለቅሶዋን ማስቆም አቃተን። «ሰው አልነካሁ፣ ዕቃ አላነሳሁ፣ መኪናው ቆሞ ነው ያለፍኩት» ትላለች። በዚህ ላይ አብሮን የነበረ አንድ ልጅ «አሁንማ ሕጉ ተቀይሮ ያሳስራል» ሲላት ጭራሽ ከቤት መውጣት ፈራች።

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፣ እስሩ እውነት ነው? ደግሞስ መኪና የሌለው፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ላይ ይህን ያህል ቅጣት መጫን ፍትሕ ነው ትላላችሁ? እኔ በበኩሌ ፍትሕ ነው ለማለት ይከብደኛል።

አቤል አቡዳቢ

እህት ትዕግሥት፣ መጀመሪያ ልጅቱን አይዞሽ በሏት። የእሷ ጉዳይ እስር የለበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካልተፈቀደ ቦታ አስፋልት ማቋረጥ 400 ድርሃም ያስቀጣል፤ ይሄ ድሮም የነበረ ነው። ልጁ የሰማው አዲሱን የፌዴራል ትራፊክ ሕግ ነው፤ ቁጥር 14/2024 ይባላል፣ ከማርች 29 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። እሱ ሁለት ከባድ ነገሮች ጨምሯል። ካልተፈቀደ ቦታ ስትሻገር በዚያ ምክንያት የትራፊክ አደጋ ከደረሰ እስርና ከ5,000 እስከ 10,000 ድርሃም፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ይፈረድብሃል። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ መንገድ ከሆነ ደግሞ ከ3 ወር የማያንስ እስርና ከ10,000 ድርሃም የማያንስ ቅጣት፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ። በእንዲህ ያለው ፈጣን መንገድ ላይ የሚመጣውን የፍትሐ ብሔርም ሆነ የወንጀል ኃላፊነት ሕጉ ለእግረኛው ነው የሚያሸክመው።

ናይፍ መንገድ የከተማ ውስጥ መንገድ ነው፤ አደጋም አልደረሰም። ስለዚህ 400ውን ከፍላ ትገላገላለች። ሼህ ዛይድ፣ አል ኢቲሃድ፣ ኤምሬትስ ሮድ የሚባሉትን ፈጣን መንገዶች ግን ማንም ሰው በእግሩ ለማቋረጥ እንዳያስብ ንገሩልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። መልእክቱ ላይ የሚነካ ሊንክ ካለ አትንኩት። በፖሊስ ስም የውሸት የቅጣት መልእክት እየላኩ የባንክ ካርድ ቁጥር የሚሰርቁ አሉ፤ ፖሊስ ራሱ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። የዱባይ ፖሊስን አፕ አውርዳችሁ ቅጣቱ በእርግጥ መመዝገቡን እዚያው አረጋግጡ፣ ክፍያውንም እዚያው ፈጽሙ።

ዳዊት ሾፌሩ

የምኖረው እዚህ ከተማ መኪና እየነዳሁ ነው፤ ከመሪው ጀርባ የሚታየኝን ልንገራችሁ።

«መኪናው ቆሞ ነው ያለፍኩት» የሚለውን አውቀዋለሁ፣ እውነቷን ነው። ግን የሚገድለው የቆመው መኪና አይደለም፣ ከጎኑ ባለው ረድፍ የሚመጣው ነው። አውቶቡስ ወይም ቫን ቆሞ እግረኛ ከፊቱ ሲያልፍ፣ በቀጣዩ ረድፍ የምመጣው እኔ ያንን ሰው የማየው ከቫኑ አፍንጫ ጫፍ ብቅ ሲል ነው። ከዚያ በፊት ለእኔ የለም። በ60 የምሄድ ከሆነ በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ እጓዛለሁ፣ በ80 ደግሞ 22 ሜትር። እግሬ ከነዳጁ ተነስቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይሄዳል፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው ሲደመር በ80 የሚሄድ መኪና ቀጥ ብሎ እስኪቆም ከ50 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። እግረኛዋ ከእኔ አሥር ሜትር ላይ ብቅ ካለች ምን ያህል ጎበዝ ሾፌር ብሆን ዋጋ የለውም።

ማታ ደግሞ የባሰ ነው። ልጆቻችን ጥቁር አባያ ለብሰው ነው የሚወጡት። መብራት በሌለበት ጥግ ከአስፋልቱ አይለዩም።

አንድ ማታ ከሻርጃ እየተመለስኩ አል ኢቲሃድ ላይ ከመሀል አካፋዩ አንዲት ሴት ወርዳ ሮጠች። ሁለት ረድፍ አልፋለች፤ እኔ ሦስተኛው ላይ ነኝ። ልታልፍ ነው ብዬ ሳስብ ፌስታሏ ተቀደደና ዳቦው አስፋልት ላይ ተበተነ። ለመልቀም ጎንበስ አለች! ፍሬኑን በሁለት እግሬ የያዝኩት መሰለኝ። ከኋላዬ የነበረው መኪና ወደ ትከሻው መንገድ ወጥቶ ነው ያመለጠው። መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ «እመ ብርሃን፣ እመ ብርሃን» ትላለች። አገሬ ልጅ ናት። ከቦታው እስክትወጣ የአደጋ መብራት አብርቼ ቆምኩላት፤ እጄ መሪውን መያዝ አቅቶት ነበር።

ስለዚህ ቅጣቱ ይቅር ለሚለው እኔ አልስማማም። ሕጉ ሾፌሩንም አልተወውም፤ ዜብራ ላይ ለእግረኛ ቅድሚያ ካልሰጠሁ 500 ድርሃምና 6 ጥቁር ነጥብ ነው፣ ነጥቡ 24 ከሞላ መንጃ ፈቃዴ ይታገዳል፣ እንጀራዬ ተቆረጠ ማለት ነው። ዜብራ ላይ ካገኘኋችሁ የምቀጣው እኔ ነኝ።

ሀና ከአሌክሳንድሪያ

ወንድም ዳዊት፣ የነገርከን ነገር ልብ ይሰብራል፤ እንኳንም ተረፈች። ግን ከወዲህ ማዶ፣ እዚህ አሜሪካ ያየነውን ላካፍላችሁ።

ይሄን ቅጣት በዓለም ያስፋፋችው አሜሪካ ናት ማለት ይቻላል። በ1920ዎቹ መኪና ከተማውን ሲያጥለቀልቅና ሰው በየመንገዱ ሲያልቅ፣ የመኪና ሻጮችና ማኅበሮቻቸው ጥፋቱ የእግረኛው ነው የሚል ዘመቻ ከፈቱ፤ ሎስ አንጀለስ በ1925 ያወጣችውን ደንብ ሌሎች ከተሞች ተከተሉት። ከመቶ ዓመት በኋላ አሁን ወደ ኋላ እየተመለሱ ነው። እኔ በምኖርበት ቨርጂኒያ ከማርች 1 ቀን 2021 ጀምሮ ፖሊስ አንድን ሰው ያለ ማቋረጫ ተሻገርክ በሚል ብቻ ማስቆም አይችልም። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የመገጨት ግልጽ አደጋ ከሌለ በቀር አትቅጡ ብላለች። ኒውዮርክ ከተማ ደግሞ በ2024 መጨረሻ ላይ ጨርሳ ጥፋት መሆኑን አስቀረችው፤ በፊት ቅጣቱ እስከ 250 ዶላር ይደርስ ነበር።

ኒውዮርክ ያስቀረችው ለምን መሰላችሁ? በ2023 የቅጣት ትኬት ከተሰጣቸው ሰዎች ከ90 በመቶ በላይ ጥቁሮችና ላቲኖዎች ነበሩ። በዚያ ከተማ በቀይ መብራት የማይሻገር ሰው የለም፣ ነጩም ጥቁሩም ይሻገራል፤ የሚጠራው ግን አንዱ ነው። ትዕግሥት የጠየቀችው ጥያቄ እኮ ይሄ ነው። ዱባይ ውስጥ በእግሩ የሚሄደው ማን ነው? ቤት ሠራተኛዋ፣ ግንበኛው፣ ዕቃ አድራሹ። ወረቀቱ ላይ ሁሉንም ይመለከታል፤ 40,000 የሚከፈለው ሰው ግን ከመኪናው አይወርድም፣ ቢወርድም 400 ለእሱ የምሳ ሒሳብ ነው።

ዳዊት ሾፌሩ

እህት ሀና፣ የቅጣቱ መጠን ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ፤ የአንድ ወር ደመወዝ ሢሶ ለአንዲት ልጅ ከባድ ነው። መንገዱ ላይ ግን አንለያይ ብልሽ አልችልም። ሼህ ዛይድ በአንዳንድ ቦታ 12 ረድፍና ከዚያም በላይ ነው። እዚያ ላይ «ሰው በነፃነት ይሻገር» ማለት ሬሳ ማንሳት ነው። አሜሪካስ ቢሆን እግረኛ አይሞትም?

ሀና ከአሌክሳንድሪያ

ይሞታል እንጂ፤ ባለፉት ዓመታት በዓመት ከ7,000 በላይ እግረኞች እየሞቱ ነው። ቅጣቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት እያለ ነው ቁጥሩ እዚህ የደረሰው። ሰፊ መንገድ፣ ትልልቅ መኪና፣ በሩቅ ሩቅ የተተከለ ማቋረጫ፤ ሰውን የሚገድሉት እነዚህ ናቸው። የምለው ሼህ ዛይድን ዝለሉ አይደለም። ትኬቱ ብቻውን ሰው አያድንም ነው የምለው።

ናቲ ሻርጃ

ሀና ማቋረጫ በሩቅ ሩቅ ያለችውን እኔ ላስረዳ። የእኛ ካምፕ ያለበት የኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ አውቶቡሱ የሚያወርደን ከመኝታችን ትይዩ ነው። መኝታችን ይታየናል፤ ልብሳችን የተሰጣበት ገመድ ሳይቀር ይታያል። መብራት ያለው ማቋረጫ ግን ወደ ኋላ ተመልሰህ፣ ተሻግረህ፣ እንደገና ያንኑ ርቀት ወደ ፊት ሄደህ ነው። በጁላይ፣ በ45 ዲግሪ፣ አሥር ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው ነው ይሄን የሚሄደው። ባንግላዴሹ፣ ፓኪስታኑ፣ እኛም፣ ሁላችንም ግራ ቀኝ አይተን እንሮጣለን። ሕግ መናቅ አይደለም፣ ጉልበት ማለቅ ነው።

ባለፈው ክረምት አጥር አጠሩበት። አጥሩ ጥሩ ነው፣ እኔ አልቃወምም፤ ግን አጥሩን ሲያጥሩ ፌርማታውን ሃምሳ ሜትር ወደ መብራቱ ቢያስጠጉት ኖሮ ማንም አይቀጣም ነበር።

የሰላም እናት

ልጆቼ፣ ሁላችሁም የምትሉት ውስጥ እውነት አለ። እኔ ዱባይ የመጣሁት ሜትሮው ሳይኖር ነው። ያኔ ሼህ ዛይድን ለመሻገር ታክሲ መያዝ ነበረብን፤ ወዲያና ወዲህ ያለ ሰፈር ሁለት አገር ማለት ነበር። ገንዘብ የሌለው ይሮጣል። ስንቱን ልጅ በሳጥን እንደሸኘን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

ዛሬ ያ ነገር በብዙ ተቀይሯል፤ ይሄንንም መመስከር ተገቢ ነው። የመንገድና ትራንስፖርት ባለሥልጣኑ ያወጣውን አይቼ ነበር፤ በ2006 በከተማው የነበረው የእግረኛ ድልድይና የምድር ውስጥ መተላለፊያ 26 ነበር፣ በ2024 ግን 177 ደርሷል። ከመቶ ሺህ ሰው 9.5 የነበረው የእግረኛ ሞት ከ2007 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ወደ 0.3 ወርዷል። ይሄ በቅጣት ብቻ የመጣ አይመስለኝም፤ ሰው የሚሻገርበት ነገር ስለተሠራ ነው።

አዲስ ለሚመጡት ደጋግሜ የምነግራቸው አለ። ሼህ ዛይድ ዳር ያሉት የሜትሮ ጣቢያዎች ከመንገዱ በላይ የሚያሻግር ድልድይ አላቸው። ባቡር ባትሳፈሩም፣ ካርድ ባይኖራችሁም በድልድዩ ማለፍ ትችላላችሁ፤ ካርድ የሚጠየቀው ወደ ባቡሩ መግቢያ በር ላይ ነው። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ተንቀሳቃሽ ወለል አለው፣ አሳንሰርም አለ። ብዙ ልጆች «የባቡር ነው፣ ያስከፍላል» ብለው ይፈሩታል። መብራት ያለበት ማቋረጫ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ምሰሶው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫኑት፤ ሳትጫኑት ብትቆሙ አረንጓዴ ላይመጣላችሁ ይችላል። አረንጓዴው ሰውዬ መብለጭለጭ ከጀመረ ገና አልጀመራችሁም እንደሆነ አትጀምሩ፣ ቀጣዩን ጠብቁ።

ትዕግሥት ልጄ፣ ልጅቱን ከቤት አትውጪ እንዳትሉብኝ። ይዛችኋት ውጡና መንገዱን አሳዩአት።

ቢኒ ከመገናኛ

ከአዲስ አበባ ነው። እትዬ ያሉትን ሳነብ የራሳችን ከተማ ነው የታወሰኝ። እኛ ጋ በትራፊክ አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። ቀለበት መንገዱ ሲሠራ መሀሉ በግንብና በብረት ታጥሮ ድልድዮቹ ተራርቀው ነው የተተከሉት፤ ሰዉ ግንቡን መዝለል ልማድ አደረገው። ቀላል ባቡሩ በእኛ አቆጣጠር በ2008 ሥራ ሲጀምርም ከተማውን በአጥር ለሁለት ከፈለው፤ ፊት ለፊት ያለ ሱቅ ለመድረስ ዞሮ መሄድ ነው። ድንች ኩንታል የተሸከመ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ሽማግሌ ያንን ደረጃ ወጥቶ ይውረድ ማለት ይከብዳል። እኔ መገናኛ ጋ በየቀኑ የማየው ነው፤ ልጅ ያዘለች እናት መጀመሪያ ዘንቢሏን በአጥሩ ላይ ታሳልፋለች፣ ከዚያ ራሷ ትከተላለች።

የእኛን ከዱባይ የሚለየው ዜብራው ላይ ያለው ነገር ነው። እዚያ ሾፌሩ 500 ድርሃም ስለሚፈራ ይቆማል። እዚህ ዜብራ ላይ ቆመህ ብትውል ብዙው ሾፌር ጡሩንባ ነፍቶ ያልፍሃል። እንዲህ ባለበት እግረኛውን «ለምን ዜብራ አልተጠቀምክም» ብሎ መቅጣት ምን ይባላል? ዜብራው ከሌላው አስፋልት በምን ይሻለዋል? በኮሪደር ልማት የተሠሩት መንገዶች ላይ እግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ጥሩ ነው። ሾፌሩ ዜብራ ላይ መቆም ካልለመደ ግን ጎደሎ ነው። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ሾፌሩን፣ ቀጥሎ መንገድ ሠሪውን፣ በመጨረሻ እግረኛውን ነው የምለው።

አቤል አቡዳቢ

ቢኒ ቅደም ተከተሉ ላይ እስማማለሁ። ሀና ላነሳችው ደግሞ ቁጥር ላምጣ። በ2023 ዱባይ ውስጥ ካልተፈቀደ ቦታ ሲሻገሩ በደረሰ አደጋ 8 ሰው ሞቷል፣ 339 ቆስሏል። በዚያው ዓመት ወደ 44,000 ሰው ተቀጥቷል። ይሄን ቁጥር ሁለታችሁም ለየራሳችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ዳዊት «8 ብቻ የሆነው ስለተቀጡ ነው» ሊል ይችላል፣ ሀና ደግሞ «44,000 ሰው እየተቀጣ ካላቆመ ቅጣቱ አላስተማረም» ትላለች።

እኔ የማዝነው ከ44,000 ውስጥ ምን ያህሉ ለምን እንደተቀጣ እንኳ ሳያውቅ እንደከፈለ ሳስብ ነው። የትዕግሥት ዘመድ መልእክቱን በአማርኛ የሚነግራት ሰው ባታገኝ ኖሮ በማግስቱ እዚያው ቦታ ትሻገር ነበር፤ በማግስቱም ሌላ 400።

ቢኒ ከመገናኛ

ይሄ እኛ ጋ መሠራት የሚችል ነገር ነው እኮ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ፣ በ923/2008፣ ለሥራ የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት ገለጻ ማግኘት አለበት። እኅቴ ወደዚያ ከመሄዷ በፊት ወስዳለች፤ ስለ ምድጃው፣ ስለ ልብስ ማጠቢያው፣ ስለ ውሉ ነው የተነገራት። መንገድ ስለ መሻገር አንድም ቃል የለም። ከገጠር በቀጥታ የምትሄድ ልጅ ስድስት ረድፍ መንገድ አይታ አታውቅም፤ የእግረኛ መብራት ቁልፍ ነክታ አታውቅም። ሃያ ደቂቃ ቢሰጡት ምን ይጎድልባቸዋል?

የሰላም እናት

ልክ ነህ ልጄ። ግን እነሱን ስንጠብቅ ልጆቹ እየመጡ ነው። በድምፅ አድርጋችሁ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም ቅዱና በቴሌግራም ይዙር። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም፤ ጽሑፍ አይጠቅማቸውም።

ትዕግሥት ዘናይፍ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አቤል እንዳልከው በአፑ አየነው፤ ቅጣቱ እውነተኛ ነው፣ ከፍለነዋል፤ ከቤተሰብ አዋጥተን ነው፣ የእናቷ ገንዘብም ተልኳል። እስር እንደሌለበት ስነግራት ነው የተነፈሰችው።

ዳዊት፣ የጻፍከውን አነበብኩላት፤ የዳቦውን ጊዜ አስቁማኝ «ያቺ ልጅ አሁን ደህና ናት?» ነው ያለችኝ። አሁንም ቅጣቱ በእኛ ደመወዝ ልክ ቢሆን እላለሁ፣ ከዚህ አልወርድም። ናቲ ያነሳኸው የፌርማታ ጉዳይ ደግሞ ለማን እንደሚቀርብ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉ።

ድምፁን እኔ በአማርኛ እቀዳዋለሁ። ኦሮምኛና ትግርኛ የምትችሉ በግል መልእክት ጻፉልኝ። ሌላም ልጠይቃችሁ፤ ከናይፍ ወደ ባንያስ ሜትሮ ስትመጡ የትኞቹ ማቋረጫዎች መብራት እንዳላቸው ከእሑድ በፊት ንገሩኝ፤ በድምፁ ውስጥ ላስገባው ነው።

ዳዊት ሾፌሩ

ደህና ናት በያት፤ ራሷ ተሻግራ ስትሄድ አይቻታለሁ።

ቅዳሜ ማታ ከሥራ ስወጣ ያንን መስመር በእግሬ ሄጄ መብራት ያላቸውን ማቋረጫዎች አንድ በአንድ እጽፍልሻለሁ፤ አጠገባቸው ያለውን ሱቅ እየጠራሁ ነው የምጽፈው፣ የመንገድ ስም ለማያነብ አይረዳም። ናቲ፣ አንተም የካምፕህን ፌርማታ ፎቶ አንሳና ላክልኝ። የመንገድና ትራንስፖርት ባለሥልጣኑ አቤቱታ የሚቀበለው ለዱባይ ነው፣ የአንተ ለሻርጃው ነው የሚቀርበው፤ ዓረብኛውን እኔ እጽፍልሃለሁ።